«ስቴት ዩር ኔም» ሲሏት «ሜሪላንድ» ላለችው እህቴ

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪዬ ሁለት ወር ነው የቀረው። የሲቪክስ ጥያቄዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ቃላቱ ግን አልገቡኝም። ስቴት አንዴ ሜሪላንድ ነው፣ አንዴ ውጭ ጉዳይ ነው፣ አንዴ ደግሞ መንግሥት ነው። ባለፈው ልጄ ኦፊሰር ሆና ስታለማምደኝ ‹ፕሊስ ስቴት ዩር ፉል ኔም› አለችኝ። እኔ ‹ሜሪላንድ› አልኳት። እስካሁን ትስቅብኛለች። የፖለቲካና የመንግሥት አሠራር የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ካለህ እባክህ ላክልኝ።»

እህቴ፣ ዝርዝሩ አለኝ። ግን አልክልሽም። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ለሲቲዝንሺፕ የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን፣ ሁለት መቶ ቃል የታጨቀበት ወረቀት አድል ነበር። ዲሞክራሲ፣ ፌዴራሊዝም፣ ሪፐብሊክ፣ ሞናርኪ፣ ኦሊጋርኪ። ሰዉ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ኢንተርቪው ገብቶ የሚደናገረው ግን ወረቀቱ ላይ በሌለ ቃል ነው።

ትልልቆቹ ቃላት አይከብዱንም። ዲሞክራሲን ለሐበሻ ማን ያስተምራል? ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲን የቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጠግቦ ነው የመጣው። የሚጥሉን ትንንሾቹ ናቸው። ስቴት፣ ቢል፣ ብራንች፣ ቼክ፣ ሃውስ፣ ፓርቲ፣ ራይት። እነዚህን ሥራ ቦታ፣ ባንክ ቤት፣ ኩሽና ውስጥ በየቀኑ እንላቸዋለን። ስለዚህ እናውቃቸዋለን ብለን እናልፋቸዋለን። ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው።

ካንቺው ቃል ልጀምር። «ስቴት» ግስ ሲሆን «ተናገር፣ ግለጽ» ማለት ነው። ባንክ የሚልክልሽ ስቴትመንት የዚሁ ቃል ልጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ ሆኖ ሲመጣ፣ «ስቴት ዩር ኔም»፣ «ስቴት ዩር አድሬስ» ሲባል፣ ስለ ሜሪላንድ ማንም አልጠየቀሽም። «ዩር ስቴት» ካለሽ ግን ሜሪላንድ ናት። ከሃምሳዎቹ አንዷ ማለት ነው። «የስቴትሽ ካፒታል ማን ነው?» ሲሉሽ መልሱ አናፖሊስ ነው። በየዓመቱ ባልቲሞር የሚል አይጠፋም፤ ትልቋን ከተማ ዋና ከተማ ማድረግ የኛ ልማድ ነው።

ሦስተኛው «ስቴት» ሰፋ ይላል። ድንበር፣ ሕዝብና ሉዓላዊነት ያለው አካል ነው፤ የፖለቲካ ሰዎቻችን ሀገረ መንግሥት የሚሉት። «ሄድ ኦፍ ስቴት» ውስጥ ያለው ይሄ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ርእሰ ብሔር እና ርእሰ መንግሥት ብሎ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ርእሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ መንግሥቱን የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። እንግሊዝ ንጉሥና ጠቅላይ ሚኒስትር አላት። አሜሪካ ሁለቱንም ባርኔጣ አንድ ሰው ላይ ደፍታዋለች።

አራተኛው ውጭ ጉዳይ ነው። ለምን ውጭ ጉዳይን «ስቴት ዲፓርትመንት» አሉት? እኔም እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን የክፍለ ግዛቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ይመስለኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ1789 ሲቋቋም ስሙ የውጭ ጉዳይ ዲፓርትመንት ነበር። ወዲያው በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ሥራም ጨመሩለት። ሕግ ማሳተምና የመንግሥቱን ማኅተም መያዝ የመሳሰለውን። «ውጭ ጉዳይ» የሚለው ጠበበውና «ስቴት» ተባለ። ከአገር ውስጥ ሥራው ብዙው በኋላ ወደ ሌሎች ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ እንምጣ። መንግሥት።

የኛ «መንግሥት» ከ«ነገሠ» የወጣ ነው። አንድ ቃል ሆኖ የማይሸከመው ነገር የለም። የመንግሥት ሠራተኛ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሕገ መንግሥት፣ መንግሥተ ሰማያት። እንግሊዝኛ ይህን ሸክም ለአራት ለአምስት ቃል አከፋፍሎታል። ስቴት አገሩና ተቋሙ ነው። ገቨርንመንት የሚያስተዳድረው አካል ነው። አድሚኒስትሬሽን የዛሬው ፕሬዚዳንትና የሾማቸው ሰዎች ናቸው። ኪንግደም የንጉሥ ግዛት ነው፤ መንግሥተ ሰማያትም በእንግሊዝኛ ኪንግደም ናት።

ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ይህን አነበብኩላቸው፦ ቤልጂየም ከሰኔ 2010 ምርጫ በኋላ ለ541 ቀን ያለ ገቨርንመንት ቆየች። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ታዲያ ማን ይጠብቃቸው ነበር?» አሉ። ለሳቸው መንግሥት የለም ማለት ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እንደነበረችው ሌሊት ነው። በር ቆልፎ፣ ጥይት እያዳመጡ መተኛት። ቤልጂየም ግን ፖሊሱ ሥራ ላይ ነበር፣ ደመወዝ ይከፈላል፣ ባቡር ይሄዳል። የጎደለው ነገር ፓርቲዎቹ ተስማምተው አዲስ ካቢኔ ማቋቋም ብቻ ነው። የድሮው ካቢኔ ባላደራ ሆኖ ቀጥሏል። አውሮፓና እስራኤል ውስጥ «ገቨርንመንቱ ወደቀ» ሲባል ስቴቱ ወደቀ ማለት አይደለም። ጥምረቱ ፈረሰ ማለት ነው። ቴል አቪቭ ያለች እህትሽ «መንግሥት ወደቀ» ብላ ብትደውልልሽ አትደንግጪ።

አሜሪካ ውስጥ «ገቨርንመንት» ሲባል ሕግ አውጪውም፣ አስፈጻሚውም፣ ፍርድ ቤቱም አብሮ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሲቀየር የሚቀየረው አድሚኒስትሬሽኑ ነው። «ገቨርንመንት ሻትዳውን» ደግሞ ሌላ ነው። ኮንግረስ በጀቱን በጊዜው ሳያጸድቅ ሲቀርና መሥሪያ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ የሚባል ነው። በ2025 43 ቀን ቆይቷል።

«ሬጂም» የሚል ስትሰሚ ጆሮሽን አንሺ። ዜና ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተናጋሪው ያን መንግሥት ሲጠላው ነው። አማርኛም ይሄን ያውቃል። ሰው «መንግሥት» ማለቱን ትቶ «አገዛዙ» ማለት ሲጀምር የት እንደቆመ ሳትጠይቂው ገብቶሻል።

ስለ ብራንች ልንገርሽ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ሃያ ዓመት የሠራ ተማሪ ነበረኝ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። በልምምድ ኢንተርቪው «ሃው ሜኒ ብራንችስ ኦፍ ገቨርንመንት አር ዜር?» አልኩት። «በጣም ብዙ፣ በየክፍለ ከተማው» አለኝ። እሺ፣ አንዱ አካል ከልክ በላይ ጉልበተኛ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው ብዬ ቀጠልኩ። ዝም ሲል መልሱን ነገርኩት፤ ቼክስ ኤንድ ባላንስስ። ብድግ አለ። «መምህር፣ ይሄ ፈተና የሲቲዝንሺፕ ነው የባንክ?»

እውነቱን ነው። ብራንች፣ ቼክ፣ ባላንስ ሦስቱም የሱ ቢሮ ቃላት ናቸው። እዚህ ግን ብራንች የመንግሥት ክንፍ ነው፤ ሦስት ናቸው። በአማርኛ ስማቸው የተሻለ ነው፤ ሥራቸውን ይናገራል። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። እንግሊዝኛው ሌጂስሌቲቭ፣ ኤግዝኪዩቲቭ፣ ጁዲሻል ይላቸዋል። ጁዲሻልን ከጃጅ ጋር አስሪው። ሌጂስሌቲቭን ከሊጋል ጋር አስሪው፤ ሁለቱም ከላቲን ሕግ የሚለው ቃል የመጡ ናቸው። ኤግዝኪዩቲቭ «ኤግዝኪዩት» ከሚለው ነው፤ መፈጸም። ዜና ላይ ግን ይኸው ቃል የሞት ፍርድ መፈጸምም ይሆናል። እኛም «ፍርዱ ተፈጸመበት» ስንል ሰውዬው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

«ቼክ» ደግሞ ታሪኩ ደስ ይላል። ከቼዝ ጨዋታ የመጣ ቃል ነው። ቼዝ ላይ የተጋጣሚሽን ንጉሥ ስታስፈራሪው «ቼክ» ትያለሽ። ሥሩ ሻህ ነው፤ በፋርስ ቋንቋ ንጉሥ ማለት። ከዚያ ማገድ፣ መቆጣጠር፣ ማረጋገጥ እያለ ሄዶ ባንክ ቤት ገባ። ስለዚህ ቼክስ ኤንድ ባላንስስን «ንጉሥ ሆይ፣ ቁም» ብለሽ ያዢው። ኮንግረስ ያወጣውን ፕሬዚዳንቱ ይከለክላል። ፕሬዚዳንቱ የከለከለውን ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያሳልፉታል። የወጣውን ሕግ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብሎ ሊጥለው ይችላል። እያንዳንዱ በሌላው አፍ ልጓም አግብቷል።

«ሩል ኦፍ ሎው»ንም እዚሁ ልጨምርልሽ። ብዙ ሰው «የሕግ ደንብ» ብሎ ይተረጉመውና ባዶ ይሆንበታል። የሕግ የበላይነት ነው። ሹሙም ድሃውም ከሕግ በታች ነው ማለት ነው። አያቶቻችን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ብለው የሚቆሙት፣ እንኳን ሰው ውኃ ይቆማል የሚባለው፣ ለኔ ከዚህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

አሁን ሰዎቹ። አሜሪካ ውስጥ ሚኒስትር የሚባል ባለሥልጣን የለም። ይህን የተማርኩት ጎረቤቴ ፊት ነው። አንድ ዘመዴ ድሮ ሚኒስትር እንደነበሩ በኩራት ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን?» አሉኝ። ለተራ አሜሪካዊ ሚኒስተር ማለት ሰባኪ ነው፤ ፓስተር። እኛ ሚኒስትር የምንለውን እነሱ ሴክሬታሪ ይሉታል።

ሴክሬታሪ ሲባል ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ትዝ ትልሻለች፤ አይደል? ቃሉ ከ«ሲክሬት» ጋር ዘመድ ነው። የጌታውን ምስጢር የሚጠብቅ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝን አስቢ። የንጉሡን ቃል የሚጽፍ፣ ማኅተሙን የሚይዝ ሰው ነበር። ብዕር ይዞ ንጉሡ ጎን የተቀመጠ ሰው ውሎ አድሮ ከማንም በላይ ጉልበት ያገኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስና ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ምን ያህል ከባድ ሰዎች እንደነበሩ የሚያስታውስ ያስታውሳል። «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት» ስትሰሚ ጸሐፊዋን ሳይሆን ጸሐፌ ትእዛዙን አስቢ፤ ሥራው የውጭ ጉዳይ ሆኖ።

እነዚህ ሴክሬታሪዎች ሲሰበሰቡ ካቢኔት ይባላሉ። አዎ፣ ኩሽናሽ ግድግዳ ላይ ያለው ቃል ራሱ ነው። ዱሮ ካቢኔት ትንሽ የግል ክፍል ነበር፤ ንጉሡ ከጥቂት አማካሪዎቹ ጋር ዘግቶ የሚመክርበት። እኛ ካቢኔ ያልነው ከፈረንሳይኛ ወስደን ነው። ደግሞ አገር ቤት አንዱን ሰው «ካቢኔ ነው» እንላለን፤ «የወረዳ ካቢኔ»። እንግሊዝኛ ላይ እንዲህ አይሠራም። ሰውዬው «ሜምበር ኦፍ ዘ ካቢኔት» ነው። የአሜሪካው ካቢኔት የአሥራ አምስት ዲፓርትመንት ኃላፊዎችንና ምክትል ፕሬዚዳንቱን ይዟል።

ስፒከርም አለ። ጥቁር ሳጥን አይደለም። አፈ ጉባኤ ነው። እዚህ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። በእንግሊዝ ፓርላማ ስፒከሩ የጉባኤው አፍ ነበር፤ ተወካዮቹ የተስማሙበትን ለንጉሡ የሚናገር። እኛም አፈ ንጉሥ ነበረን፣ አፈ ጉባኤ አለን። ፕሬዚዳንቱም ምክትሉም መሥራት ካልቻሉ ማን ይተካል የሚል ጥያቄ በድሮው ባለ 100 ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ አለ። መልሱ «ዘ ስፒከር ኦፍ ዘ ሃውስ» ነው።

ሃውስ ቀላል ነው፤ እኛም ምክር ቤት ስለምንል። 435 ድምፅ የሚሰጡ አባላት አሉት፤ የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ነው። ሴኔቱ መቶ ነው፤ ለስድስት ዓመት። ሁለቱ አንድ ላይ ኮንግረስ ይባላሉ። የሚያነቡልሽን ስትጽፊ ከተማዋ ካፒታል በ«ኤ»፣ ኮንግረስ የሚሰበሰብበት ሕንፃ ካፒቶል በ«ኦ» መሆኑን አትርሺ። ሲነገሩ አንድ ናቸው።

ቢል የመብራት ብቻ አይደለም። ኮንግረስ ፊት የቀረበ ረቂቅ ሕግ ቢል ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች አልፈውት ፕሬዚዳንቱ ሲፈርም አክት ይሆናል፤ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የምናወጣው አዋጅ ማለት ነው። ካልፈረመና ከመለሰው ቪቶ ነው፤ በላቲን «እከለክላለሁ»። «ቢል ኦፍ ራይትስ» ግን ረቂቅ አይደለም፤ በ1791 የጸደቀ የመብቶች ዝርዝር ነው፤ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች። ራይት ደግሞ ቀኝም፣ ትክክልም፣ መብትም ነው። ብዙ ቁጥር ሆኖ «ራይትስ» ካለ፣ ወይም «ዘ ራይት ቱ» ብሎ ግስ ካስከተለ፣ መብት ነው።

ምርጫ ላይ ሰው ይሮጣል፤ «ራን ፎር ኦፊስ»። ኦፊስ እዚህ ቢሮ አይደለም፣ ሥልጣን ነው። የሚገርመው እንግሊዞች ለምርጫ አይሮጡም፤ ይቆማሉ፣ «ስታንድ» ነው የሚሉት። ሪፐብሊካንና ሊበራል የሚሉት ቃላትም አገር ሲለወጥ ይለወጣሉ። እንግሊዝ አገር ሪፐብሊካን ማለት ዘውዱ ይቅር የሚል ሰው ነው። አውስትራሊያ ሊበራል ፓርቲው ወግ አጥባቂ ነው። እነዚህ የሌላ አገር ትርጉሞች ኢንተርቪው ላይ ስለማይመጡብሽ አልፋቸዋለሁ።

አንድ ነገር አረጋግጪ። ማመልከቻሽን ያስገባሽው ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ከሆነ ፈተናው አዲሱ ነው፤ ከ128 ጥያቄ እስከ 20 ይጠይቁሻል፣ 12 መመለስ አለብሽ። ከዚያ በፊት ከሆነ ከ100 ውስጥ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ይበቃል። የያዝሽው የቱን እንደሆነ እዪ፤ ዩቲዩብ ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ነው ያሉት።

የፈተናው ቃላት ይህን ያህል ናቸው። ሰው የበለጠ የሚደነግጠው ግን ፎርሙ ላይ ነው። ኦፊሰሩ የሞላሽውን «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያለ ይጠይቅሻል። «ቤር አርምስ» ሲላት «የድብ ክንድ?» ብላ ያሰበች ተማሪ ነበረችኝ። ቃል በቃል ትክክል ናት። ትርጉሙ ግን መሣሪያ ታጥቆ ለአገር መዋጋት ነው። «ሄሬዲታሪ ታይትል» አለኝ ወይ ብሎ የጨነቀው ሰው ደግሞ ነበር፤ አያቱ ፊታውራሪ ናቸው። ሄሬዲታሪ ማለት በዘር የሚወረስ ነው። ጥያቄው ደግሞ ስለ ራሱ እንጂ ስለ አያቱ አይደለም። ፊታውራሪነትም በሹመት የሚገኝ እንጂ እንደ መሬት የሚወረስ አልነበረም።

«ኮሚኒስት ፓርቲ» የሚለው ላይ ግን አልቀልድም። «አሶሲዬትድ» የሚለው ቃል ከአባልነት ይሰፋል፤ ንክኪ የነበረውንም ይመለከታል። አንቺ ወይም ባለቤትሽ በደርግ ዘመኑ ፓርቲ በኢሠፓ ውስጥ የነበራችሁ ከሆነ ከኢንተርቪው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ይሄ የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ አይደለም።

ያልገባሽን ጥያቄ እንዲደግሙልሽ መጠየቅ ነውር የለውም። «ኩድ ዩ ፕሊስ ሪፒት ዛት?» በይ። ሳይገባሽ «የስ» አትበይ። እኛ ለአክብሮት ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ኦፊሰሩ እንደ መልስ ነው የሚመዘግበው።

ካለፍሽ በኋላ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ ትምያለሽ። መሐላው የድሮ እንግሊዝኛ ነው። ለማንኛውም የውጭ «ፕሪንስ፣ ፖተንቴት፣ ስቴት ኦር ሶቨሪንቲ» የነበረኝን ታማኝነት ትቻለሁ ይላል። ፖተንቴት ማለት ባለ ብዙ ሥልጣን ገዢ ነው። «ስቴት» ግን ያቺው የምታውቂያት ናት፤ ሦስተኛዋ። የምትተዪው ሜሪላንድን እንዳልሆነ ለልጅሽ ቀድመሽ ንገሪያት፤ አዳራሹ ውስጥ እንዳትስቅብሽ።